የቢር ሩሚን በረኛ

ኦኔ (ጄኔቭ)፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ቃለጽድቅ፣

እንደምን ሰነበትክ? የዙሪክ ብርድ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ደብዳቤህን ይህን ያህል ሳልመልስ በማቆየቴ ይቅር በለኝ። ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተም በስልክ ያልጠየቅኸኝ ነገር ነውና በወረቀት ይሁን አልኩ።

ከማልታ የመጣልህን ግብዣ ደጋግሜ አነበብኩት። ለጠየቅኸኝ መልሴ ሂድ ነው። ሂድ፤ ግን እውነቱን ይዘህ ሂድ።

«የቢር ሩሚን እግር ኳስ ክለብ በግንቦት መቶኛ ዓመቱን ያከብራል» ይላሉ። «በአሮጌው ሜዳ፣ በባሕሩ በኩል ባለው ግብ አጠገብ ለበረኛችን ለአበጀ ድንጋይ እናቆማለን። ከስሙና ካጣንበት ዓመት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1988 በቀር ሌላ አይጻፍበትም፤ እዚህ የማያውቀው ሰው የለምና። ወንድሙ መጥተው መጋረጃውን ይግለጡልን።»

ቃልዬ፣ እነሱ አበጀ የሚሉት ወንድምህ ወልደሥላሴ ያረፈው የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ጄኔቭ፣ እጁ እጄ ውስጥ እያለ ነው። እነሱ ሞተ በሚሉበት ዓመት ዲቦራ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ድንጋዩ እንደዚያ ሆኖ ከቆመ፣ ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ዘመን ሁሉ ከማን ጋር ኖርኩት?

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሁለታችንም እናውቃለን። ስናረጅ አንተ ሌላ እኔ ሌላ እንዳናስታውስ ግን የኔን ልጻፈው።

መርከባችሁ ከአሰብ ወጥቶ ለጥገና ማልታ ገባ። እስኪጠገን ድረስ እናንተ መርከበኞቹ ከወደቡ መንደር ልጆች ጋር ኳስ ገጠማችሁ። መርከቡ ሲሄድ ሁለት ወንድማማቾች ቀሩ። አንተ ወጥ ቤት ገባህ፤ እሱ ግብ ውስጥ ቆመ። የማልታ ሰዎች የአንድን ሰው ሁለተኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ነው ብለው ስለሚያስቡ፣ ወልደሥላሴ አበጀ የሚለውን ሲያዩ «አበጀ» አሉት። ሕፃን ሽማግሌው በአባታችሁ ስም ጠራው። እሱም አላረማቸውም። «አባባን በየቀኑ የሚጠራልኝ ሰው እዚህ ከየት አገኛለሁ?» ይል ነበር።

እኔን አግብቶ ጄኔቭ በገባ በዓመቱ የአባታችሁ የአቶ አበጀ መርዶ መጣ። አገር ቤት ገብታችሁ አታለቅሱ ነገር፣ ከመርከብ የጠፋ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነበር። እዚህም የምናውቀው የኛ ቄስ አልነበረም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛና «ለቢር ሩሚን ቄስ ጻፊላቸው፤ ያስቀድሱለት» አለኝ። ከመዝገበ ቃላት የለቀምኳትን እንግሊዝኛ ይዤ ተቀመጥኩ። አማቴን በባዶ ስም መጥራት አፌ እንቢ ስላለኝ፣ አክብሬ «ሚስተር አበጀ ዐርፈዋል፤ ለነፍሳቸው ጸልዩ» አልኩ። ያረፉበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስሜን አኖርኩ። «አባቱ» የምትል ቃል አላከልኩም። አበጀ ሲባል አባትየው መሆናቸውን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ከዚያ ጠርዙ የጠቆረ ካርድ መጣ። «ለባለቤቱ» ይላል። ቡድኑ በሙሉ ፈርሞበታል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ፈራሁ። ለአንተ ሳነብልህ «ይተዉት እትዬ፣ ጊዜ ያርመዋል» አልከኝ። ጊዜ አላረመውም። ደብዳቤዬ ከመድረሱ በፊት ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን ተመለስልን እያሉ ይወተውቱት ነበር፤ እሱም ጓንቱን ከመሳቢያ እያወጣ ያየዋል። እኔ ሆዴ ገፍቷል። ቢሄድ የሚመለስ አልመሰለኝም። ዝም አልኩ። እሱም ረሱኝ ብሎ ዝም አለ። ዝምታዬ በዚህ ቤት አብሮን ሲያረጅ ኖረ።

አሁን ግን ድንጋይ ሊሆን ነው። እባክህ አስብበት።

ጥሩወርቅ


ዙሪክ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩወርቅ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አዎ፣ ሹራቡ ደርሶኛል። ዲቦራን ያመስግኑልኝ። እጅጌው ግን የበረኛ ክንድ ለክታ የሠራችው ይመስላል፤ እኔ ሁልጊዜም ተቀያሪ ወንበር ላይ የምቀመጠው ነበርኩ።

ስለ ድንጋዩ አልስማማም። ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ።

እርስዎ ቢር ሩሚንን አላዩም። የክለቡ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው፤ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ክለብ ይገባል። ግድግዳው ላይ የመሥራቾቹ ፎቶ አለ፤ የመርከብ ጠጋኞች ናቸው። የመጀመሪያ ማልያቸውን ከሸራ ቆርጠው በሮማን ልጣጭ ቀቅለው ነው የነከሩት ይባላል። ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ወርዶ ቁምጣቸው ሮዝ ይሆን ስለነበር፣ የጎረቤት መንደር ደጋፊዎች እስከ ዛሬ «ልብስ አጣቢዎች» ይሏቸዋል። በትልቁ ጦርነት ሜዳቸው በቦምብ ተቆፈረ። ጉድጓዱን የሞሉት በፈረሱ የራሳቸው ቤቶች ድንጋይ ነው። አምበላችን ቼንሱ «እኔ የማዕዘን ምት የምመታው አክስቴ ማድ ቤት ላይ ቆሜ ነው» ይለን ነበር።

ይህ ቼንሱ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ የክለቡም የክብር ፕሬዚዳንት። ግብዣውን የጻፈው እሱ ነው። በስልክ ምን አለኝ መሰልዎ? ጋሼ ወልደሥላሴ በሞተ ጊዜ (ይኸው እኔም እንደነሱ ማለት ለመድኩ) ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ተጫወቱ። በዚያው ዓመት በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረዋል። ክለቡ ዛሬ ኩባንያ ነው፤ ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው፤ ግጥሚያውም በትልቁ ስታዲየም ነው። ከአሮጌው ሜዳ የቀረው አንድ ግብ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አልተዉም። በየዓመቱ ውድድር ሊጀመር ሲል ባለው እሑድ በአበጀ ስም ያስቀድሳሉ፤ የዓመቱ በረኛም ሻማ ያበራል። ከብራዚል ይምጣ ከናይጄሪያ፣ ያበራል።

አሁን እኔ ሄጄ፣ «ጎበዝ፣ ሰውዬው እኮ ጄኔቭ ውስጥ ትራም እየጠበቀ ነበር» ልበላቸው? በሕይወቴ ብዙ ነገር ተደርጎልኛል። እንደነዚያ ሰዎች ያደረገልኝ ግን የለም። ከመርከብ ስንጠፋ ማን እንደሆንን ሳይጠይቁን ደረቅ ካልሲ ሰጡን። በካልሲ ፈንታ እፍረት አልመልስላቸውም።

እዚህ ዙሪክ የዓለም እግር ኳስ ጽሕፈት ቤት ካለበት ኮረብታ ሥር እሑድ እሑድ እንደምሸራሸር ያውቃሉ። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር የሚያዩኝ ይመስለኛል። እና እኔ ቀሎኝ አይደለም።

ቃለጽድቅ


ኦኔ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ የመጀመሪያውን ተከትሎ ደረሰኝ። በሁለተኛው ላይ ያለውን ክፉ ቃል እንዳላነበብኩት ቁጠረው። ሲሞቅህ የምትጽፈውንና ሲበርድልህ የምታስበውን ለይቼ ካወቅሁ ቆይቷል። ደግሞም ያልከው ግማሹ እውነት ነው።

ሰሞኑን ጄኔቭን ጭጋግ ከድኗታል። በረንዳዬ ላይ ስቆም ከታች ያሉት ሕንፃዎች የሉም። ትራሙ ሲያልፍ ድምፁ ብቻ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቀን ወልደሥላሴ ካፖርቱን ለብሶ የሠፈር ቡድኖች ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይወርድ ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ቀዘቀዘ ብዬ ልጠራው ተከተልኩት። ከግቡ በስተ ጀርባ፣ ከመረቡ ውጭ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲመጣ ወደ ቀኝ። ከፊቱ ያለው በረኛ አያየውም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሁለት በረኞች ለአንድ ግብ የቆሙ ይመስል ነበር። ሳልጠራው ተመለስኩ። ምሳውን መልሼ አሞቅሁት።

ለጠየቅኸኝ ልመልስ። ወልደሥላሴ ሞተ መባሉን አያውቅም ነበር። ጡረታ በወጣ ሰሞን አንድ ጊዜ ብቻ «ጥሩዬ፣ ቢር ሩሚኖችን ምን አደረግኳቸው?» አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «ሰው ይረሳል» አልኩት። «እኔ አልረሳኋቸውም» አለና ጋዜጣውን አነሣ። ሌላ የሚነገር የለም። ከዚህ በላይ ብትጠይቀኝም አልመልስም፤ የሚጎድል ስላለ ሳይሆን ያለው ይኸው ስለሆነ ነው።

ዲቦራ የክለቡን ገጽ በታብሌቷ ከፍታልኝ ነበርና በቀስታ እያነበብኩ ነው። አንተ ያልነገርከኝን አገኘሁ። የመንደሩ ሁለት ማርሽ ባንዶች ተጣልተው፣ የአንዱ ባንድ ወገን ልጅ ለሌላው ወገን ልጅ ኳስ አላቀብልም ብሎ አንድ ሙሉ ዘመን ሲሸነፉ የኖሩበትን። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አጥቂ ከሌላ ደሴት አስመጡ አሉ። ሁሉም ለሱ አቀበለ። ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅሁ።

ትናንት ያ ሜዳ በሕልሜ መጣ። በጄኔቭ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል። ከሣሩ ሥር ድስቶችና ወንበሮች፣ የተነጠፈ አልጋ ይታየኛል፤ የሰዎቹ ቤት ነው። ወልደሥላሴ ግቡ ላይ ቆሟል። ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። ለማን እንዳሰረው ልጠይቀው ስል ኳስ መጣ፤ ዘወር አለ።

ሕልሜን ለዲቦራ ነገርኳት። «እማ፣ ፓፓ እኮ ሞቷል። አሁን ዓመት ምን ያደርጋል?» አለች።

«አንቺ የተወለድሽው እነሱ ሞተ ካሉ በኋላ ነው» አልኳት።

«ኦ ላ ላ። እኔ ፋንቶም ነኝ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች፤ የሙት መንፈስ ማለቷ ነው። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ታዲያ አንቺ ሂጂና ንገሪያቸው። አጎቴን ለምን ትልኪያለሽ? ደብዳቤውን አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

አማርኛዋ ሲያጥራት እውነቷን ነው የምትናገረው፤ የምትሸፍንበት ቃል የላትም።

አንተ ምን ትላለህ?

ጥሩወርቅ


ዙሪክ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩወርቅ፣

ስልክ ባለማንሣቴ፣ ሁለቱንም ደብዳቤዎን ባለመመለሴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይደለም፣ አልተቀየምኩም። ሆስፒታል ነበርኩ። ልቤ ናት። ሊነግሩኝ የማይገባቸውን ሁሉ በሥዕል እያስረዱ ነገሩኝ። አሁን ቤቴ ነኝ። ጎረቤቴ ሀጂራ ሾርባ ታመጣልኛለች፤ ጨው የከለከለችኝ ሐኪሙ ብሎ ይሁን ረስታው አላወቅሁም። ለዲቦራ ዛሬውኑ አይንገሯት፤ ባቡር ይዛ መጥታ ታለቅሳለች።

አውሮፕላን ተከልክያለሁ። እንግዲህ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።

ተኝቼ ሳስብ የሰነበትኩት ለምን እንደዚያ እንደተቆጣሁ ነው። ሰበብ ያደረግሁት ካልሲውን ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፤ ነገሩ የአባባ ነው።

አባባን በፎቶ እንጂ አላወቋቸውም። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ባቡሩ ሲመጣ ሐዲድ የሚያቀያይሩ ሰው ነበሩ። «የዚህ ሐዲድ መጨረሻ ባሕር ነው ይሉኛል» ይሉን ነበር። «እኔ መንገዱን እከፍትለታለሁ እንጂ አልደረስኩበትም።» ጋሼንና እኔን ባሕሩ የወሰደን በሳቸው አፍ ነው። ከመርከብ በጠፋን ጊዜ ሰው ሊጠይቃቸው እየፈራ ቤታቸው ጭር አለ። ሲያርፉ ቀባሪ አልጎደለም ይላሉ። ተዝካር ግን አልወጣላቸውም። ማን ያውጣላቸው? ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እዚህ የሰው ሰሃን ያጥባሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዘመድ ልኬ መቃብራቸውን ባስፈልግ ምልክት አልነበረውም፤ ቦታው ጠፋ።

እትዬ፣ በዚህ ምድር ላይ አበጀ የሚል ድንጋይ የሚቆመው እዚያ ማልታ ብቻ ነው። ለጋሼ ተብሎ፣ ያውም በስሕተት። ቢሆንም የአባባ ስም ነው። እውነቱን ከነገርናቸው ይፍቁታል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ክፉ ቃል።

አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ጋሼ የኖረውን ዕድሜ ልንሰርቀው አይገባም። ይሂዱና ይንገሯቸው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ቢቆጡም፣ ቢያፍሩም፣ ያቺን ስም እንዳያጠፏት ይለምኑልኝ። ከተቻለ።

ካልተቻለም አይጨነቁ። ይህን የምለው ለወጉ ነው፤ ቢጨነቁልኝ ደስ ይለኛል።

ቃለጽድቅ


ኦኔ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ቲኬቱን ዲቦራ ቆረጠችልኝ። ብቻዬን ነው የምሄደው። አብሬሽ ልሂድ ብላ ነበር፤ ልጄ አጠገቤ ካለች ግን የእናትነት ፊቴን እለብሳለሁ፤ የምሄደው ደግሞ ደብዳቤ እንደጻፈች ሴት ነው።

አዎ፣ ፎቶግራፉን ይዣለሁ፤ አባታችሁ በጣቢያው ፋኖስ ይዘው የተነሡትን። የወልደሥላሴን ጓንትም ይዣለሁ። ከመሳቢያው ሳወጣው ጣቶቹ እንደታጠፉ ደርቀዋል፤ የማይታይ ኳስ የያዘ ይመስላል። በውኃ ላለስልሰው አስቤ ተውኩት።

በእንግሊዝኛ የምናገረውን በቃሌ እያጠናሁ ነው። ትራም ውስጥ ሳጉተመትም አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ። የምጸልይ መስሏት ይሆናል።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ከነገርኳቸው በኋላ ወልደሥላሴን ቢጠሉትስ? እሱ ምንም አላጠፋም። ሞተ የተባለውም ሳያውቅ ነው፤ መጠላት ካለ በኔ ይሁን።

መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ። ለሀጂራ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጨው አትጨምሪለት በልልኝ።

ጥሩወርቅ


ኦኔ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ቃለጽድቅ፣

በስልክ ስትጠይቀኝ «ደኅና ነበር» ብቻ ስላልኩህ እንዳትቆጣ። በስልክ ብነግርህ ልብህን ፈራሁ፤ የኔንም። አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው። ክፉ ወሬ አይደለም።

መንደሩ እንዳልከው ነው። ድንጋዩ ሁሉ የማር ቀለም አለው፤ ሲመሽበት ከውስጥ የበራ ይመስላል። በዓሉ እሑድ ነበር፤ እኔ ቅዳሜ ገባሁ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ በቋንቋቸው «ስሜውየት» የምትል ቃል ሰማሁ። ሰማያት ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልያዝኩም፤ በዚያች ቃል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቼንሱን ክለቡ ውስጥ አገኘሁት። ጆሮው ደክሟል፤ ዓይኑ ግን አምበል ነው። የአበጀ ሚስት መሆኔን ስነግረው ተነሥቶ ወንበሩን ለኔ ሰጠ፤ ግድግዳ ላይ ወዳለው ፎቶ እየጠቆመ ያዳነውን ኳስ ሁሉ ሊቆጥርልኝ ጀመረ። «ወንድሙ ቃሌ ግን አንድም ኳስ አስቁሞ አያውቅም» አለ። ሰላም ብሎሃል።

ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ። በአጭሩ «በ1988 አልሞተም» አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ። ደገምኩለት። እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ታዲያ የት ነበር?»

«ጄኔቭ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር። ልጅ አሳደገ። የዛሬ ሦስት ዓመት ዐረፈ።»

«ኳስ ይጫወት ነበር?»

«ከግቡ በስተ ጀርባ ይቆም ነበር» አልኩት።

ይህን ሲሰማ አቀረቀረ። ከዚያ ሁሉን ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ «ሚስተር» ያልኩትን፣ ካርዳቸው ሲደርሰኝ ዝም ማለቴን፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። እሱ አያውቅም ነበር፣ እናንተን አልረሳም አልኩት። ሳያቋርጠኝ አስጨረሰኝ። ደጅ ወንዶች ለነገው ባንዲራ እየሰቀሉ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ መሰላሉን አጥብቀህ ያዝ እያለ ይሳደባል።

በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ዓመት የጸለይነው ለማን ነው?»

ቃልዬ፣ ይህን ጥያቄ አላጠናሁትም ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም። አፌ ግን ቀደመኝ። «ጸልዩልኝ ብዬ ለጻፍኩላችሁ ሰው ነዋ» አልኩት። «ለአበጀ። ለአባቱ።»

ፎቶግራፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መነጽሩን አድርጎ አየው።

«ኳስ ይወድ ነበር?»

«አይመስለኝም። የባቡር ሰው ነበሩ።»

«እንግዲህ ያን ሁሉ ሻማ ኳስ ለማይወድ ባቡረኛ ነው ያበራነው» አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ከሆዱ ነው የሚስቀው፤ እንባውን በማልያው ጠረገ። ደጅ ያሉትን ጠራቸው። በቋንቋቸው ነገራቸው። ቄሱንም አስጠሩ፤ ወጣት ናቸው፤ የኔን ደብዳቤ ከተቀበሉት ቄስ ወዲህ ሦስተኛው ናቸው። አንዱ ሰው ጮኸ፤ ተታለልን ያለ ይመስለኛል። ሌላው መልሶ ጮኸበት። ደነገጥኩ። ቼንሱ «አትፍሪ፣ እኛ እንዲህ ነው የምንስማማው» አለኝ። ቄሱ በመጨረሻ «ጸሎት አድራሻ አይስትም፤ የሳትነው እኛ ነን» አሉ።

ልመናህን ነገርኳቸው። መለመን አላስፈለገኝም። ድንጋዩን ሄደን አየነው። አበጀ፣ 1988። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተሳሳተ ድንጋይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቃልዬ፣ ዓመቱ ልክ ነው። ስሙም ልክ ነው። ከሱ ላይ የሚፋቅ ፊደል የለም። እኔ ራሴ ቀኑን ቀይሬ የጻፍኩት ለአባታችሁ ነበር። ተዝካር አልወጣላቸውም ብለህ ነበር። አንድ መንደር በሙሉ በየዓመቱ ቆሞ፣ በረኛው ሻማ ይዞ፣ ስማቸውን እየጠራ ሲያወጣላቸው ኖሯል። እኛ ብቻ ነን ያልሰማን።

በማግሥቱ መጋረጃውን አንተን ተክቼ ገለጥኩት። ቼንሱ ለሕዝቡ የተናገረውን አልተረዳሁም። ሲጨርስ ሰዉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ በዚያች እሑድ ሁለት ስም ይጠራል። ቼንሱ ወልደሥላሴ የሚለውን እንዳስጠናው ጠየቀኝ። «ወልደ» ላይ ደኅና ነው፤ «ሥላሴ» ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል። «ሦስት ዓመት ሙሉ በአባትህ ስም ስንጠራህ ለምን ዝም አልክ?» እያለ ፎቶውን ይገሥጸዋል።

አንዱን ጓንት ፎቶው ሥር ሰቀሉት። አንዱን መልሼ አመጣሁት። ሁለቱንም ልሰጣቸው ሄጄ ነበር፤ እጄ እንቢ አለ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልጽፍልህም። እነሱ ይቅር ብለውኛል። አባትህ ጸሎታቸውን አግኝተዋል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ለጠየቀኝ ሰው ግን የመለስኩለት ያንኑ ነው። ያ ከኔ ጋር ይቆያል፤ ቦታው መሳቢያው ውስጥ፣ ከቀረችው ጓንት ጋር ነው።

ጥሩወርቅ


ኦኔ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

አጭሯ ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰችኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ልትጠይቅ ያን የሚያህል ፖስታ። የማልቀስህን ነገር ለማንም አልናገርም።

አዎ፣ ባሕሩ ይታያል። ድንጋዩ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ውኃው ነው ያዞረው። በመካከሉ አንዲት መንገድ አለች፤ ከሷ ወዲያ መሬት የለም። ነፋስ ሲነሣ ጨዋማው ውኃ ስሙ ላይ ይረጫል። ቼንሱ ፊደሎቹን ይበላቸዋል ብሎ ወደ ውስጥ እናስገባው አለኝ።

ተዉት አልኩ። አባታችሁ እዚህ ለመድረስ ብዙ ቆይተዋል።

ጥሩወርቅ